ደብዳቤው የሚያድርበት መሳቢያ

ሰኞ፣ ሰኔ 2

ይህን ደብተር የገዛችልኝ ባለቤቴ ናት። «የቢሮህን ወሬ ከእኔ ጆሮ አውርደህ እዚህ ላይ ጫነው» አለችኝ። እሺ፤ እጭናለሁ።

የሯጩ አዲስ እትም ዛሬ ገባ። ሯጩ የምንለው ደብዳቤውንም፣ ጥያቄውንም፣ ፈቃዱንም ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው የሚያስተላልፈውን ፕሮግራም ነው። ሲከፈት የሚሮጥ ሰው ምስል ስለሚያሳይ ስሙ እንደዚያው ቀረ። ጠባዩን የማውቀው እኔ ስለሆንኩ አዲስ ነገር በመጣ ቁጥር የምጠራው እኔ ነኝ። አሁን አራት ነገር ጨምሯል። ጉዳይ የተኛበትን ቦታ በቀይ ያሳያል። የፊደል ግድፈት ራሱ ያርማል። ደብዳቤ በጸደቀ ቅጽበት ራሱ ይልካል። አራተኛው ደግሞ «ሊወገዱ የሚችሉ እርከኖች» የሚል ገጽ ነው፤ ከእያንዳንዱ እርከን ጎን «አስወግድ» የሚል ቁልፍ አለው።

ባሩድ ወደደው። ባሩድ ሥራ አስኪያጃችን ነው፤ ፊት ለፊቱ እንደዚያ ብሎ የጠራው ግን የለም። «ክረምቱ ሳይወጣ በዚህ ድርጅት ውስጥ ቀይ የሚባል ነገር እንዳላይ» አለ። ከዚያ ከሒሳብ ሹሙ ጋር ሲወጣ፣ በሩ ሳይዘጋ፣ «ደብዳቤ ክፍል አንድ ወንበር ትርፍ ነው» ሲል ሰማሁት።

ደብዳቤ ክፍል ያለነው ሁለት ሰዎች ነን። እኔና እትዬ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

ዝናቡ አላባራም። ሊፍት የምንገጥምና የምንጠግን ድርጅት ሆነን የራሳችን ሊፍት ከተበላሸ ከረመ። ደንበኛ በደረጃ እያለከለከ ሲወጣ ዓይኑን ማየት አልችልም።

እትዬ እዚህ ቤት የገቡት የባሩድ አባት ድርጅቱን ሲያቋቁሙ ነው። እኔን ያስቀጠሩኝም እሳቸው ናቸው። ጡረታቸው የሚከበረው በሚመጣው ዓመት ነው፤ ከዚያ በፊት ከተሰናበቱ የዕድሜ ልክ ድካማቸው ውኃ በላው ማለት ነው። ይህን እዚህ የጻፍኩት ለምን እንደሆነ አላውቅም። ሁሉም ሰው የሚያውቀው ነገር ነው።

የእትዬ ሥራ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። በንዴት የተጻፈ ደብዳቤ እሳቸው ጋ ሲደርስ እዚያው ይቆማል። አትመው መሳቢያቸው ውስጥ ያሳድሩታል። ጠዋት ይዘውት ወደ ጻፈው ሰው ይሄዱና መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይኼ ነገር ዛሬም ይሂድ?» ይላሉ። ሰውየው ያነበዋል። ጆሮው ይቀላል። «ይቅር» ይላል። እሳቸውም ወረቀቱን ከሁለት ከፍለው ቅርጫት ውስጥ ይጥሉና ስለ ልጆቹ ጤና ይጠይቁታል። «ይሂድ» ያለ እንደሆነም ይልኩታል፤ ተከራክረው አያውቁም።

ስለዚህ ነገር ማንም ለማንም አውርቶ አያውቅም። ባሩድም ጭምር። ከምሳ በኋላ የሚጽፈው ሁሉ እሳት ነው፤ ግማሹ መሳቢያው ውስጥ አድሮ ይቀራል።

ሯጩ መጀመሪያ የመጣ ጊዜ እትዬን እንደ አንድ እርከን ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። ስሙንም «ማጣሪያ» አልኩት። ዛሬ አዲሱን ካርታ ከፈትኩ። ሌላው ሁሉ አረንጓዴ፣ እዚህም እዚያም ብጫ። የእትዬ ቦታ እንደ በርበሬ ቀልቷል።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ስብሰባ። ካርታው ግድግዳው ላይ። ባሩድ በእስክሪብቶ እየጠቆመ፦

«ይቺ ቀይ ምንድን ናት?»

«ማጣሪያ ናት ጌታዬ።»

«ምኑን ነው የምታጣራው?»

እትዬ በሩ አጠገብ ፋይል አቅፈው ቆመዋል። የሒሳብ ሹሙ ይስላል። ባሩድ እኔን ያየኛል።

«የፊደል ግድፈት» አልኩ።

«እሱንማ አሁን ሯጩ ራሱ ያርም የለ እንዴ?»

«ያርማል።»

«እና?»

«እና... ያርማል።»

እትዬ ፋይሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ወጡ። የሰሙኝ አይመስለኝም። የሒሳብ ሹሙ ሳል ኃይለኛ ነበር።

አልዋሸሁም እኮ። የፊደል ግድፈትም ያያሉ። እኔን ራሴን ስንቴ አርመውኛል። ታዲያ ምን ልበለው ነበር? «ጌታዬ፣ የሚያጣሩት እርስዎን ነው» ልበለው? ያውም በሰው ፊት?

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ለባለቤቴ ነገርኳት። ጨርቅ እየጣፈች ነበር፤ መርፌውን አላቆመችም።

«በሰው ፊት ካልሆነ ብቻውን ሲሆን ለምን አትነግረውም?»

«አንቺ ባሩድን አታውቂውም።»

«እሱን ተወው። ሁለት ወንበር ነው ያለው፤ አንዱ ትርፍ ነው ተባለ። አንተ 'የፊደል ግድፈት' ስትል የትኛውን ወንበር እያየህ ነበር?»

ተነሥቼ ጣሪያው በሚያፈስበት ሥር ያለውን ባልዲ ቀየርኩ። ገና ግማሽም አልሞላም ነበር።

ሰኞ፣ ሰኔ 16

ባሩድ፦ «እስከ ዓርብ አስወግዳት።» እሺ አልኩ። ሙከራ። ሌላ ሙከራ። ምሳ አልበላሁም። እትዬ ግን ከምሳ ዕቃቸው ግማሹን አስቀርተውልኝ ነበር፤ «ተርፎኝ ነው» አሉኝ። ተርፏቸው አይደለም።

አልሰሙኝም። ሰምተው ቢሆን እንዲህ አያደርጉም ነበር።

ዓርብ፣ ሰኔ 20

ተጫንኩት።

«ይህን እርከን በእርግጥ ማስወገድ ይፈልጋሉ?» ብሎ ጠየቀኝ ሯጩ። ማሽን እንኳን ሁለት ጊዜ ይጠይቃል። «አዎ» የሚለውን ነካሁ፤ ቀዩ ጠፋ። ሌላ ምንም ነገር አልሆነም። ውጪ አንድ መኪና ጡሩምባ ነፋ፤ እሱ ብቻ ነው።

እትዬን «ለጊዜው» ተብሎ ወደ ምድር ቤት፣ አሮጌ ፋይል ወደሚከማችበት ክፍል አወረዷቸው። ለጊዜው ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ዕቃቸውን ላግዝዎ ብላቸው፣ «አንተ ሥራህን ሥራ» አሉኝ። ቁጣ የለበትም ንግግራቸው። ወንበራቸውን ተዉት፤ መሳቢያውን ግን ከጠረጴዛው ነቅለው፣ ሕፃን እንደታቀፈ ሰው አቅፈውት ወረዱ። የድርጅቱ ንብረት ነው ያለ አልተገኘም። ማን ደፍሮ!

ደረጃው ላይ ዞር ብለው፣ «ልጄ፣ ከእንግዲህ እሳቱ ማን ጋ ያድራል?» አሉኝ።

«ሯጩ...» ብዬ ጀመርኩና ተውኩት።

ረቡዕ፣ ሰኔ 25

ካርታው ሜዳ መስሏል፤ አረንጓዴ በአረንጓዴ። ባሩድ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ «አንተ ልጅ ሰው ሆንክ» አለኝ። ደስ አለኝ፤ ምን እዋሻለሁ።

ባዶውን ወንበር ፊት ለፊቴ ማየት ስላስጠላኝ ወደ ግድግዳው አዞርኩት።

ዓርብ፣ ሰኔ 27

ትናንት ከሰዓት ትልቁ ደንበኛችን፣ ሆቴሉ፣ «ሊፍታችሁ እንግዳ ይዞ ቆመ» የሚል ቅሬታ ላከ። ባሩድ በሁለት ጣቱ ይደበድብ ጀመር፤ እሱ ሲናደድ የሚጽፈው በሁለት ጣት ነው፣ ከቢሮው የመስተዋት ግድግዳ ጀርባ ይታያል። ጻፈ፣ አጸደቀ፣ ወደ ቤቱ ሄደ። እኔ ያየሁት ከሄደ በኋላ ነው። «እንግዶችዎ በደረጃ ይውጡ፤ ለጉልበታቸው ጥሩ ነው። የእርስዎንም ምላስ ያሳጥረዋል» ይላል። ከነማኅተሙ።

ዛሬ ጠዋት ባሩድ ተረጋግቶ፣ ተላጭቶ ገባ። ወደ ቢሮው አልሄደም። ቀጥ ብሎ ወደ እኛ ክፍል መጣና እትዬ ከሚቀመጡበት ቦታ ፊት ቆመ። እጁን ዘረጋ። እንዲህ ነው ሁልጊዜ፤ እጁን ይዘረጋል፣ እሳቸው ወረቀቱን ይሰጡታል፣ እሱ «ይቅር» ይላል። እጁ እንደተዘረጋ ባዶውን ጠረጴዛ አየ። ከዚያ ግድግዳ የሚያየውን ወንበር። ከዚያ እኔን።

«ያ ወረቀት...» አለ።

«ሄዷል ጌታዬ።»

«ማን ላከው?»

«እርስዎ አጸደቁት፤ ሯጩ ላከው።»

እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ። ያን ያህል አዝንለታለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። እሱ ግን ወዲያው ሰብሰብ ብሎ፣ «ጥሩ። ትምህርት ይሆናቸዋል» ብሎ ሄደ።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 1

ደግሞ ገመዴ። የቴክኒሻኖቹ ፎርማን ነው፤ ዕድሜውን ከሊፍት ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ስለኖረ ነው ገመዴ የምንለው። ይህ ሰው ዝናብ በጠነከረ ቁጥር ሥራ ይለቃል። ይጽፋል፣ እትዬ ያሳድሩታል፣ ጠዋት «ልጆቹ እንዴት ናቸው?» ይሉታል፣ አለቀ። እኛ እንኳ እየሳቅን «ገመዴ ዘንድሮ አልለቀቀም እንዴ?» እንባባላለን።

ትናንት ለቀቀ። ሯጩ ተቀብሎ፣ አረጋግጦ፣ የመግቢያ ካርዱን ዘግቶ፣ «ለመልካም አገልግሎትዎ እናመሰግናለን» የሚል መልእክት ላከለት። ዛሬ ጠዋት ዘበኛው በር ላይ አቆመው። ገመዴ ዝናቡ ውስጥ ቆሞ «ቀልዴን ነው! ሁልጊዜም እንደዚህ ነው የማደርገው!» እያለ ይጮኻል። ዘበኛው ምን ያድርግ? ካርዱ ቀይ ያበራል። ከካርታው የጠፋው ቀይ እዚያ ሄዶ ነው ለካ።

ዛሬ የገባኝ ነገር አለ። እኛ እዚህ ቤት ያለን ሰዎች እንዲህ ተናዳጆች ሆነን አይደለም። እንደዚያ እየፎከርን የምንጽፈው እንደማይሄድ ስለምናውቅ ነው። መሳቢያውን ተማምነን ነው። መሳቢያው ከሌለ ዝም ብለን እንታረም ይሆን? እኔ እንጃ። ጣት ልማዱን ቶሎ አይለቅም።

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 5

ባለቤቴ አታናግረኝም ማለት አይደለም። ታናግረኛለች። «ጨው አቀብለኝ» ትላለች።

ማክሰኞ፣ ሐምሌ 8

ሆቴሉ ውሉን አፈረሰ።

ባሩድ ሁላችንንም ሰበሰበ። ፊቱ አመድ መስሏል። «ማጣሪያዋን ማን ነው ያስወገደው?» አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ፤ የሒሳብ ሹሙ ሳል እንኳ አቆመ።

«እርስዎ ባዘዙኝ መሠረት...»

«ምን ታጣራለች ብዬ አልጠየቅኩህም? የፊደል ግድፈት አላልከኝም?»

ብያለሁ።

ከዚያ ሰዎቹን አስወጥቶ እኔን አስቀረኝ። «ይህን ክፍል እዘጋዋለሁ። ከታች ካሉት ሴትዮ እጀምራለሁ። የመሰናበቻ ረቂቃቸውን አዘጋጅ። ሐሙስ አጸድቃለሁ» አለኝ።

በጸደቀ ቅጽበት ይሄዳል። መሳቢያ የለም። ደመወዛቸው ይቆማል፣ ካርዳቸው ይዘጋል፣ «ለመልካም አገልግሎትዎ እናመሰግናለን» ይላቸዋል። ይህን ሁሉ በእጄ ያሰናዳሁት እኔ ነኝ። ረቂቁንም የምጽፈው እኔ ነኝ።

«እሺ» አልኩት። አፌ ሌላ ቃል የሚያውቅ አይመስልም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 9

ረቂቁን ልጽፍ ተቀመጥኩ። «ጉዳዩ፦ ስንብትን ይመለከታል» ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ የቀጠለው ሌላ ነገር ሆነ። ሳላቆም ጻፍኩት። እንዲህ የሚል ነበረበት፦

«ማጣሪያዋ ስታጣራ የኖረችው የፊደል ግድፈት አይደለም፤ እርስዎን ነው፣ እኛንም ነው። ይህን አውቅ ነበር። የዋሸሁት ወንበሬን ፈርቼ ነው። ትርፉ ወንበር የኔ ነው፤ የሚያሰናብቱ ከሆነ እኔን ያሰናብቱ።» ከዚህ የባሱም ነበሩበት። ስለ ሁለቱ ጣቶቹ። ስለ አባቱ ጨዋነት። የእኛንም ሊፍት ያነሣሁ ይመስለኛል።

ጣቴ «ላክ» የሚለው ላይ ነበር። እትዬ ትዝ አሉኝ። አተምኩትና ደረጃውን ወረድኩ።

ምድር ቤቱ እርጥበት ይሸታል። እትዬ ከፋይሎቹ መሐል፣ ካርቶን ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ወንበር እንኳ አልሰጧቸውም። መሳቢያው ከጎናቸው መደርደሪያ ላይ ነው። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ ፊታቸው ላይ ምንም አልተነበበም። አጥፈው መሳቢያው ውስጥ አስቀመጡት።

«ነገ የእርስዎን ስንብት ያጸድቃል እኮ እትዬ! ጊዜ የለም።»

«ይደር» አሉኝ።

ሐሙስ፣ ሐምሌ 10

ከሁሉ ቀድሜ ገባሁ። እትዬ ቀድመውኛል። እኔ ጠረጴዛ አጠገብ ወረቀቱን ይዘው ቆመዋል፤ መነጽራቸው አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ነው።

«ይኼ ነገር ዛሬም ይሂድ?»

ስንት ሰው እዚህ ላይ «ይቅር» ሲል አይቻለሁ። አሁን ነው ጥያቄው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ የገባኝ። ትናንት ጀግና ነበርኩ። ዛሬ ጠዋት ሆዴ ባዶ ነው፣ የቤት ኪራይ አለብኝ፣ ባሩድ ገና አልመጣም፤ ወረቀቱን ከሁለት ብንከፍለው የሚያውቅ የለም። እሳቸው አይከራከሩኝም። ዝም ብለው ስለ ባለቤቴ ጤና ይጠይቁኛል፣ ይመለሳሉ፣ በካርታው ላይ ምንም ቀይ አይኖርም።

ስለ ሁለቱ ጣቶችና ስለ አባቱ የጻፍኩትን ሰረዝኩ። ስለ ሊፍቱም። ስለ ወንበሩ ያለውን ተውኩት።

«ይሂድ» አልኩ።

እትዬ ከፀጉራቸው መሐል እርሳስ አወጡ። «ታዲያ ና፣ መጀመሪያ የፊደል ግድፈቱን ላርምልህ» አሉኝ። «ሥራዬ እሱ አይደል?»

ሰምተውኛል። ያን ቀን ሰምተውኛል። ከዚያ በኋላ ነው ምሳቸውን ያካፈሉኝ። ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ እሳቸው አጠገቤ ቆመው አንድ «ሀ»ን ወደ «ሐ» ለወጡ።

አስተካክዬ ላክሁት።

ባሩድ ገባ። ከመስተዋቱ ጀርባ ሲያነብ አየሁት። አልጠራኝም። አልጮኸም። እስከ ምሳ አልወጣም። ከምሳ በኋላ በሁለት ጣቱ ይደበድብ ጀመር። እኔ ዓይኔን ከስክሪኑ ሳልነቅል ተቀመጥኩ፤ ስንብቴን ባጸደቀ ቅጽበት ይደርሰኛል። ደመወዜም፣ ካርዴም በአንድ ጊዜ። ጠበቅኩ። ድብደባው ቆመ። ምንም አልመጣም። ከዚያ የማተሚያው ድምፅ ተሰማ።

ባሩድ የታጠፈ ወረቀት ይዞ ወጣ። በአጠገቤ ሲያልፍ ቀና ብሎ አላየኝም። በደረጃው ወደ ምድር ቤት ወረደ።

ብዙ ቆየ። ሲመለስ እጁ ባዶ ነበር። እኔ ጠረጴዛ ጋ ሲደርስ ወደ ግድግዳ የዞረውን ወንበር እያየ፣ «ምን አድርጎ ነው የተቀጣው?» አለ። «አዙረው። ሴትዮዋ ይቀመጡበት።»

አዞርኩት። አቧራውን በእጅጌዬ ጠረግኩ። እትዬ መሳቢያቸውን አቅፈው፣ ደረጃው ላይ ሁለት ጊዜ እያረፉ መጡ፤ ልቀበልዎ ብላቸው አሁንም እንቢ አሉ። በጉልበታቸው ገፋ አድርገው ቦታው አስገቡት። ውስጡ ያለው ባሩድ ይዞት የወረደው ወረቀት ብቻ ነው።

«የኔ ነው?» አልኳቸው።

«ያንተ ነው።»

«ምን ይላል?»

መሳቢያውን ቆለፉ።

«እሳት ነው» አሉኝ። «ይደር።»

ወደ ቤት ስመለስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ለባለቤቴ ሁሉንም ነገርኳት፤ የፊደል ግድፈቱንም፣ ልቅሶውንም። ሰምታ ስታበቃ መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ አስቀመጠችና ራት አቀረበችልኝ።

«በል እንግዲህ፣ አንተም ብላና እደር» አለችኝ።